እረኛ ምን አለ?

በፍጥነት በሚያድግ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ውስጥ ሠራተኛው ስለ መሪዎቹ ምን ያስባል? መሪዎቹስ ለምን ሳይሰሙት ይቀራሉ?

እ.ኤ.አ. ጁን 13 ቀን 2017፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 6 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው የታክሲ መተግበሪያ ኩባንያ የኡበር ዋና መሥሪያ ቤት የሠራተኞች ጠቅላላ ስብሰባ ተጠራ። የኩባንያው መሥራችና ዋና ሥራ አስፈጻሚ ትራቪስ ካላኒክ መድረኩ ላይ አልነበረም። ላልተወሰነ ጊዜ ከሥራው ገለል እንደሚል በዚያው ዕለት ለሠራተኞቹ በደብዳቤ አሳውቋል። የቦርድ አባላቱ ይዘውት የቀረቡት ጉዳይ ከባድ ነበር። የቀድሞው የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ኤሪክ ሆልደርና ባልደረባቸው ታሚ አልባራን ከ200 በላይ ሰዎችን አነጋግረው በኩባንያው ውስጥ ስላለው ወሲባዊ ትንኮሳ፣ አድልዎና የበቀል እርምጃ ያደረጉት ምርመራ ውጤት ነው። በእጃቸው 47 የማሻሻያ ሐሳቦች አሉ። ቦርዱም ሁሉንም በሙሉ ድምፅ ተቀብሏቸዋል።

የቦርድ አባሏ አሪያና ሃፊንግተን ዋን ሊንግ ማርቴሎ የምትባል ሴት ወደ ቦርዱ መግባቷን አበሠሩ። አንዲት ሴት ቦርድ ውስጥ ከገባች ሁለተኛዋ የመግባት ዕድሏ እንደሚሰፋ በጥናት መታየቱንም ጨመሩ። አጠገባቸው የነበሩት የቦርድ አባልና ባለሀብት ዴቪድ ቦንደርማን ጣልቃ ገቡ። ጥናቱ የሚያሳየው ወሬ እንደሚበዛ ነው አሉ። የሴቶች ክብር እንዴት ይጠበቅ በተባለበት ስብሰባ፣ ክብሩን ማስጠበቅ የሚገባው ቦርድ አባል የሆኑት ሰው፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ ነው እንዲህ ያሉት። የስብሰባው ድምፅ ወዲያው ወደ ውጭ ወጣ፤ ቦንደርማንም ይቅርታ ጠይቀው በዚያው ዕለት ከቦርዱ ለቀቁ።

ከ47ቱ የማሻሻያ ሐሳቦች ይልቅ ዓለምን ያዳረሰው ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የተቀነባበረ ሪፖርት በጠበቃ ይጻፋል፣ ይታረማል፣ በቃል አቀባይ ይነበባል። ሳይታሰብ የሚወጣ ቃል ግን የተናጋሪውን ልብ ያሳያል። ሠራተኛም መሪውን የሚያነበው እንዲህ ባለው ቦታ ነው፤ ማን እንደተሾመ፣ ማን ጥፋቱ እንደታለፈለት፣ ክፉ ወሬ ይዞ የሄደ ሰው ምን ሆኖ እንደተመለሰ ያያል። ከዚያ በኋላ በግድግዳው ላይ የሚለጠፈው መፈክር ብዙም አያታልለውም።

የቆዳው ጃኬት

ኡበርን እዚያ ስብሰባ ላይ ያደረሰው የአንዲት ኢንጂነር ጽሑፍ ነው። ሱዛን ፋውለር ኩባንያውን የተቀላቀለችው በኖቬምበር 2015 ሲሆን፣ ሲስተሙ ሳይቋረጥ እንዲሠራ በሚከታተለው ክፍል ነበር የምትሠራው። በፌብሩዋሪ 19 ቀን 2017 ባሳተመችው ጽሑፍ እንደተረከችው፣ ሥልጠናዋን ጨርሳ ቡድኗን በተቀላቀለችበት በመጀመሪያው ቀን አለቃዋ በኩባንያው የውስጥ መልእክት መላላኪያ ወሲባዊ ግብዣ ላከላት። ስክሪንሾት አንስታ ለሰው ኃይል አስተዳደር አመለከተች። የተሰጣት መልስ፣ ሰውዬው በሥራው የተመሰከረለት ነው፣ ጥፋቱም የመጀመሪያው ነው፣ ከማስጠንቀቂያ ያለፈ ነገር አንፈጽምበትም የሚል ነበር። እሷ ግን ወይ ሌላ ቡድን ትዛወር፣ ወይ እዚያው ቆይታ አለቃዋ ዝቅተኛ ውጤት ቢሰጣት እንደማይገርማት ትወቅ ተባለች። ቆየት ብላ ከሌሎች ሴቶች ጋር ስታወራ እነሱም በዚያው ሰው ላይ አመልክተው እንደነበር ሰማች። ለእነሱም ጥፋቱ የመጀመሪያው ነው ተብለዋል።

ከጽሑፉ ውስጥ ብዙ አንባቢ የማይረሳው ሌላ ጉዳይ አለ። ክፍሉ ለኢንጂነሮቹ በሙሉ የቆዳ ጃኬት እንደሚገዛ ቃል ገብቶ ልካቸውን ወሰደ። በኋላ በክፍሉ ለቀሩት ስድስት ሴቶች ጃኬቱ እንደማይገዛ ተነገራቸው። ከመቶ በላይ ለሆኑት ወንዶች በብዛት ሲታዘዝ ቅናሽ ተገኝቷል፤ ለስድስት ሰው ግን ቅናሽ አልተገኘም። ጉዳዩ ሲጠየቅ ከኃላፊው የመጣው ማብራሪያ፣ ሴቶቹ እኩልነት ከፈለጉ ጃኬቱን በዚያው በቅናሹ ዋጋ ፈልገው ያምጡ የሚል ነበር።

በቢሊዮኖች ዶላር ለሚቆጠር ኩባንያ የስድስት ጃኬት ዋጋ ምንም አይደለም። ግን ጃኬቱን ማን እንደሚለብስ የወሰነ ሰው አለ፤ ውሳኔው ትክክል እንደሆነ ያስረዳ ሌላ ሰው አለ፤ ሁለቱም ከበላያቸው የሚቆጣቸው እንደሌለ ያውቁ ነበር። ከበላይ ያሉት መሪዎች ስለ ጃኬቱ ሰምተው ላያውቁ ይችላሉ። እዚያ የተሠራውን ግን ሠራተኛው በስማቸው ይመዘግበዋል። የፈቀዱትም ዝም ያሉትም በእሱ ሚዛን አንድ ነው።

ከጽሑፉ በኋላ ኩባንያው ከሆልደር ምርመራ ሌላ አንድ ተጨማሪ የሕግ ድርጅት ቀጥሮ 215 አቤቱታዎችን አስመረመረ፤ 20 ሠራተኞችም ተሰናበቱ። ይህን ሁሉ አቤቱታ የያዘ ሕንፃ ውስጥ ምንም አልሰማንም ማለት ከባድ ነው። ወሬው ነበር፤ መንገዱ ግን ተዘግቷል።

መንገዱን የዘጋው ምንድን ነው?

ኡበር እ.ኤ.አ. በ2009 ተመሥርቶ በ2010 በሳን ፍራንሲስኮ ሥራ ጀመረ። በ2017 ከ70 በላይ አገሮች ደርሶ፣ ዋጋውም ወደ 70 ቢሊዮን ዶላር ተጠግቶ ነበር። እንዲህ ያለ ዕድገት በራሱ የሚያመጣው ችግር አለ። ሃምሳ ሰው በነበረበት ጊዜ መሥራቹ የሁሉንም ስም ያውቃል፤ ቅሬታ ያለው ሰው ምሳ ሰዓት ላይ ሄዶ ያናግረዋል። ሺዎች ሲሆኑ በሁለቱ መካከል አምስት ስድስት አለቃ ይገባል። አብዛኛዎቹ አዲስ አለቆች ናቸው፤ ትናንት ጎበዝ ኮድ ጸሐፊ ስለነበሩ ዛሬ ሰው እንዲመሩ የተሾሙ። ሰው መምራትን ያስተማራቸው የለም።

በዚያ ላይ የኩባንያው የራሱ ቃል ነበር። ኡበር በ2015 ባወጣቸው 14 መርሆች ውስጥ ያለማቋረጥ መሯሯጥን፣ ብቃት ካለህ የሌላውን እግር መርገጥን፣ በመርህ ተጋፍጦ መከራከርን የሚያበረታቱ ነበሩ። ጉልበተኛ ሰው እነዚህን ሲያነብ ፈቃድ ያገኘ ያህል ይሰማዋል። የሆልደር ሪፖርት ለመጥፎ ድርጊት መሸፈኛ ሆነዋል ያላቸው መርሆች እንዲሰረዙ በግልጽ አሳስቧል። የአፈጻጸም ምዘናውም ሠራተኞችን እርስ በርስ እያነጻጸረ በደረጃ የሚደረድር ነበር። ባልደረባህ ሲወድቅ አንተ ከፍ የምትልበት ቤት ውስጥ የሌላውን በደል የሚመሰክር ሰው ማግኘት ያስቸግራል።

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አልበርት ሂርሽማን በ1970 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የድርጅቱ አካሄድ ያላማረው ሰው ሁለት መንገድ እንዳለው ጽፈዋል፤ ጥሎ መውጣት ወይም መናገር። የትኛውን እንደሚመርጥ የሚወስነው ሦስተኛ ነገር ደግሞ ታማኝነቱ ነው። ቤቱን የሚወድ ሰው ከመሄዱ በፊት ይናገራል። መናገሩ ዋጋ ካስከፈለው ግን ይሄዳል፣ የሚያውቀውንም ይዞት ይሄዳል። ሱዛን ፋውለር በመጀመሪያ ተናገረች፤ ደጋግማ ተናገረች። ከዚያ በዲሴምበር 2016 ለቀቀች። ዓለም የሰማት ከወጣች በኋላ ነው። ኩባንያው በነፃ ሊያገኘው ይችል የነበረውን እውቀት በኋላ በጠበቆች ክፍያ፣ በስሙ መጉደፍና በመሪው መነሳት ገዛው።

አንድ መሪ፣ ሁለት ዓይን

ይህን ታሪክ ጨካኝ አለቃና የተበደለ ሠራተኛ ብቻ አድርጎ መተረክ ግን እውነቱን ያጎድለዋል። በጁን 20 ቀን ቤንችማርክን ጨምሮ አምስት ዋና ዋና ባለሀብቶች ካላኒክ እንዲለቅ በደብዳቤ ጠየቁ፤ እሱም የሥራ መልቀቂያውን አስገባ። በዚያው ሳምንት ከሺህ በላይ የኡበር ሠራተኞች ካላኒክ ይመለስልን ብለው ፈረሙ።

እነዚህ ፈራሚዎች እነማን ነበሩ? ከተማ ከፍተው፣ እስከ ሌሊት አብረውት ሠርተው፣ ከምንም ተነስቶ ዓለም ሲደርስ ያዩት ሰዎች ነበሩባቸው። ካላኒክ በሜይ ወር እናቱን በጀልባ አደጋ አጥቷል፣ አባቱም በአደጋው ክፉኛ ቆስለዋል፤ ሐዘን ላይ ያለን ሰው በባለሀብት ደብዳቤ ማስወጣት ብዙዎችን አሳዝኗል። እነሱም የተናገሩት ያዩትን ነው። አንዲት ሴት ኢንጂነር ከሦስተኛ ፎቅ የምታየው ኩባንያና አንድ የሥራ ማስፋፊያ ኃላፊ ከመሥራቹ ጎን ሆኖ የሚያየው ኩባንያ አንድ ስም ይኑራቸው እንጂ ኑሮው የተለያየ ነው።

«ሠራተኛው ስለ መሪው ምን ይላል?» ለሚል ጥያቄ አንድ አማካይ ቁጥር ይዞ የሚመጣ ሪፖርት ብዙ የሚደብቀው ለዚህ ነው። ከመቶ ሰማንያው ረክቷል ሲባል መሪው ደስ ይለዋል። የቀሩት ሃያዎቹ ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ አለቃ ሥር፣ ወይም ሁሉም ሴቶች ቢሆኑስ? አማካዩ ያንን አይነግረውም። ዐዋቂ መሪ አማካዩን ትቶ ልዩነቱ የት ላይ እንደሰፋ ይጠይቃል።

የዝምታ ዋጋ

አገራችን ውስጥ ነገሥታቱ የሕዝቡን ስሜት ለማወቅ «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ያስጠይቁ ነበር ይባላል። ባላባቱ ርስቱን፣ ሹሙም ሹመቱን ያስባል፤ ከብት እየጠበቀ የሚያንጎራጉር እረኛ ግን በቅኔ ቢናገር የሚነጠቀው ነገር የለውም። የሰማውን ብሶት እንደወረደ ያዜማል። በዘመናዊው የቴክኖሎጂ ኩባንያ ውስጥ ግን የሚነጠቅ ነገር የሌለው ሰው ማግኘት ይቸግራል።

ለምን ቢባል፣ የክፍያው ትልቅ ክፍል ብዙ ጊዜ አክሲዮን ነው። ሠራተኛው ሲቀጠር በተወሰነ ዋጋ አክሲዮን የመግዛት መብት ይሰጠዋል፤ መብቱ ግን በእጁ የሚገባው በዓመታት ቆይታ ነው። ኡበር ውስጥ የለቀቀ ሰው አክሲዮኑን ለመግዛት የሚሰጠው ጊዜ 30 ቀን ብቻ ነበር። ገንዘቡን ከነግብሩ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካላገኘ የዓመታት ልፋቱ ይቀልጣል። በ2017 ኩባንያው ለነባር ሠራተኞች ይህን ጊዜ ወደ ሰባት ዓመት አራዝሞታል። ከውጭ አገር መጥቶ በኤች ዋን ቢ ቪዛ የሚሠራው ደግሞ ሥራውን ካጣ አሜሪካ ውስጥ የሚቆየው 60 ቀን ያህል ነው፤ በዚያ ጊዜ ሌላ ቀጣሪ ማግኘት አለበት። እንዲህ ያለ ሰው በስብሰባ ላይ «ጥያቄ ያለው?» ሲባል ጫማውን ቢያይ ፈሪ ሊባል አይገባም፤ ቤተሰቡን እያሰበ ነው።

የአክሲዮን ጉዳይ ዝምታን ብቻ ሳይሆን ድጋፍንም ለማንበብ ያስቸግራል። በኖቬምበር 2023 የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ የሆነው የኦፕን ኤአይ ቦርድ ዋና ሥራ አስፈጻሚውን ሳም አልትማንን አሰናበተ። በቀናት ውስጥ 770 ገደማ ከሚሆኑት ሠራተኞች ከ700 በላይ የሚሆኑት ካልተመለሰ እንለቃለን ብለው ፈረሙ፤ ከአምስት ቀን ባልበለጠ ጊዜም ተመለሰ። ይህን ያህል ሠራተኛ ከጎኑ የቆመለት መሪ በኢንዱስትሪው ብዙ አልታየም። በዚያው ሰሞን ግን ሠራተኞቹ ድርሻቸውን የሚሸጡበት ትልቅ ግዢ እየተዘጋጀ ነበር፤ የኩባንያው መፍረስ ያንንም ይዞ ይሄድ ነበር። ስንቱ ለሰውየው፣ ስንቱ ለባልደረቦቹ፣ ስንቱ ለቤቱ ዕዳ ፈረመ? ፊርማው ይህን አይለይም። ደግሞ በሜይ 2024 ያው ኩባንያ ለቀው የሚሄዱ ሠራተኞች ስለ ኩባንያው ክፉ ላለመናገር ካልፈረሙ ድርሻቸውን ሊያጡ እንደሚችሉ የሚገልጽ ውል እንደነበረው ተጋለጠ። አልትማን እንዳፈረበት ተናግሮ አንቀጹ እንዲነሳ አደረገ። በድርሻ የታሰረ አንደበት ባለበት ቤት መሪው የሚሰማው ምስጋና እንኳ ሙሉ እምነት አይጣልበትም።

ከአዲስ አበባ የተነሳች ድምፅ

ለእኛ ቅርብ የሆነውን ታሪክ የምናገኘው ጉግል ውስጥ ነው። አዲስ አበባ የተወለዱት ዶ/ር ትምኒት ገብሩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥነ ምግባር ቡድንን ከሚመሩት ሁለት ሰዎች አንዷ ነበሩ። በዲሴምበር 2020 ግዙፍ የቋንቋ ሞዴሎች ስለሚያስከትሉት አደጋ ከሌሎች ጋር የጻፉት ጥናት ከኃላፊዎች ጋር አጋጫቸው፤ ኩባንያው ስማቸውን ከጥናቱ ያንሱ ወይም ጥናቱ ይነሳ አለ። እሳቸው ተባረርኩ አሉ፣ ጉግል ደግሞ መልቀቂያቸውን ተቀበልኩ አለ። ከ2,600 በላይ የጉግል ሠራተኞች በተቃውሞ ፈረሙ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ሱንዳር ፒቻይም ጉዳዩ አንዳንዶች በኩባንያው ውስጥ ስላላቸው ቦታ ጥርጣሬ እንዲያድርባቸው ማድረጉን ጠቅሰው ለሠራተኞቹ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፉ።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በኖቬምበር 1 ቀን 2018፣ 20,000 ያህል የጉግል ሠራተኞች በተለያዩ አገሮች ከቢሮ ወጥተው አደባባይ ቆመው ነበር። ምክንያታቸው በወሲባዊ ጥቃት የተከሰሰ አንድ ከፍተኛ ኃላፊ 90 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎት እንደተሸኘ መዘገቡ ነው። ያ ሰልፍ ውጤት አምጥቷል፤ ጉግል ሠራተኛው በፍርድ ቤት እንዳይከስ የሚከለክለውን አስገዳጅ የግልግል ውል በ2019 አነሳ። ስለዚህ ሠራተኛ ሲናገር የሚቀየር ነገር አለ። የትምኒት ታሪክ የሚያሳየው ደግሞ፣ አደጋውን እንዲያይ የተቀጠረ ሰው አደጋውን ሲያሳይ ሊገፋ እንደሚችል ነው። ይህን ያዩ ወጣት ተመራማሪዎች ቀጣዩን ጥናት ሲጽፉ እጃቸው መያዙ አይቀርም። ዶ/ር ትምኒት ከዓመት በኋላ የራሳቸውን ነፃ የምርምር ተቋም መሠረቱ። ጉግል ያጣው ዓይን ሌላ ቦታ ማየቱን ቀጠለ።

መሪ መቀየር ይበቃል?

የኡበር ቦርድ በኦገስት 2017 የኤክስፔዲያውን ኃላፊ ዳራ ኮስሮሻሂን ሾመ። አዲሱ መሪ መርሆቹን ራሳቸው ቁጭ ብለው አልጻፉም፤ ሠራተኞች ሐሳብ እንዲልኩ ጠየቁ። 1,200 ያህል ሐሳቦች መጡ፣ ከ22,000 ጊዜ በላይም ድምፅ ተሰጠባቸው። በኖቬምበር ስምንት አዲስ መርሆች ወጡ። ትክክለኛውን ነገር እንሠራለን፣ አራት ነጥብ ይላል አንዱ።

ከመርሆቹ የበለጠ የሚያስተምረኝ ግን ከሆልደር ሪፖርት የመጣ አንድ ትንሽ ለውጥ ነው። ኡበር ለሠራተኞቹ ነፃ እራት ያቀርብ ነበር፤ የሚቀርበው ግን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ልጅ ያለው ሰው ያን እራት አይደርስበትም፤ የሚደርስበት ሌሊቱን ቢሮ የሚያሳልፈው ነው። ሪፖርቱ እራቱ ቀደም ብሎ እንዲቀርብ አሳሰበ፤ ወደ አንድ ሰዓት ተሻሻለ። ቤተሰባችሁን እናከብራለን የሚል ንግግር ሠራተኛው መቶ ጊዜ ሰምቷል። ሰዓቱ ሲቀየር ግን ራሱ በሆዱ ያውቀዋል።

በሜይ 2020 ኮቪድ ጉዞን ሲያቆመው ያው ኩባንያ በሁለት ዙር 6,700 ያህል ሠራተኞችን አሰናበተ። ጨዋ መሪም ክፉ ቀን ይመጣበታል። ያን ቀን ሠራተኛው የሚጠይቀው ውሳኔው በእውነት ተነግሮኛል ወይ፣ ሸክሙስ ከላይም ከታችም ተነስቷል ወይ የሚለውን ነው። ለሁለቱም አዎ የሚል መልስ ያገኘ ሰው ሲሰናበትም ቤቱን አይረግምም።

ከሠራተኛ ዝርዝር ውጭ ያሉት

ኡበር ሲነሳ ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚያስበው ቢሮውን ሳይሆን የመኪናውን መሪ ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢው ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ብዙ ወገኖቻችን መተግበሪያውን ተቀላቅለዋል። ኩባንያው አሜሪካ ውስጥ ሾፌሮቹን እንደ ሠራተኛ አይቆጥራቸውም፤ በጠቅላላ ስብሰባውም በመርሆቹ ምርጫም አልነበሩበትም። በፌብሩዋሪ 2017 አንድ ሾፌር የጉዞ ዋጋ መውረድ አከሰረኝ ብሎ ራሱን ካላኒክን ከኋላ ወንበር አሳፍሮ ሲያናግረው፣ ካላኒክ ተቆጥቶ ሲመልስለት የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። ካላኒክ ከዚያ በኋላ እንደ መሪ መለወጥና ማደግ እንዳለበት ለሠራተኞቹ ጻፈ። ከአንድ ሾፌር ጋር የተደረገ የጥቂት ደቂቃ ጭቅጭቅ የብዙ ወራት የዳሰሳ ጥናት ያልነገረውን ነገረው።

አዲስ አበባም የራሷን ኩባንያዎች እያሳደገች ነው። ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረተችው ራይድ መንገዱን ከከፈቱት አንዱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የትራንስፖርት፣ የክፍያና የዕቃ ማድረሻ መተግበሪያዎች በርክተዋል። የእኛ ቢሮ ደግሞ የራሱ ሸክም አለው። ለታላቅ መታዘዝን ተምረን አድገናል፤ አለቃን ፊት ለፊት ተሳስተሃል ማለት ነውር ይመስለናል። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ ያለ ሕዝብ ነን። በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የአስተያየት መስጫ ሣጥን ተሰቅሏል፤ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ፣ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳን በግልጽ ከልክሏል፤ አዋጁ ግን ትርጉም የሚኖረው ያመለከተች ሠራተኛ ሥራዋ ላይ ስትቆይ ነው።

በፍጥነት የምታድጉ መሥራቾች ዛሬ፣ ገና ሰማንያ ሰው ሳላችሁ፣ ልታደርጉት የምትችሉት ነገር አለ። አቤቱታ የሚሰማ ሰው በአቤቱታው ለሚነካው አለቃ ተጠሪ አይሁን። የቀረበው ቅሬታ የት እንደደረሰ ለአመልካቹ በቀን ተቆርጦ ይነገረው። ብዙ ገንዘብ የሚያስገባ ሰው ሲያጠፋ እንደማንም ሰው ይቀጣ፤ ሠራተኛው ሁሉ እሱን እያየ ነውና። ለቅቆ ለሚሄድ ሰው ድርሻውን ሳትነኩ ለምን እንደሄደ ጠይቁት፤ የነገራችሁንም በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ስሙን ሳትጠቅሱ አንሡት፣ ምን እንደምታደርጉም ተናገሩ። ክፉ ወሬ ይዞ የመጣ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ሥራው ላይ እንዳለ፣ እንዲያውም እንዳደገ ሌሎቹ ይዩ። ይህን አንድ ጊዜ ካዩ ሁለተኛው ሰው ሳይጠራ ይመጣል፤ ኩባንያውም ችግሩን ከጋዜጣ ሳይሆን ከራሱ ሰው ይሰማል።